የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ወኪል፦ ለሚቆርጠው ኮሚሽን ምን ይሰጣል?

ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በሙያ ዘመኑ ከሚገዛቸው አገልግሎቶች ሁሉ ውዱ ወኪል ነው። የአሠልጣኙንና የሐኪሙን ወጪ ክለቡ ይችላል። ወኪሉ ግን ተጫዋቹ ጫማ እስኪሰቅል ድረስ ከእያንዳንዱ ውል በመቶኛ ይቆርጣል። ይህ ግምገማ የትኛውንም ድርጅት ለይቶ አያነሳም፤ የሚመዝነው አገልግሎቱን ራሱን፣ ከድራፍት (የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) እስከ መጨረሻው ውል ባሉት ደረጃዎች ነው።

ፍርዱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ ወኪል ገንዘቡን በደንብ የሚያወጣው ስሙ ገና ላልወጣ ተጫዋች ነው። ኮከቦቹ የሚከፍሉት ብዙ፣ የሚያገኙት ግን ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሁለተኛው ነገር፣ የወኪል ችሎታ የሚታየው በጋዜጣ በሚወጣው የደመወዝ ቁጥር ላይ አይደለም፤ ማንም በማያነባቸው የውሉ አንቀጾች ውስጥ ነው።

ዋጋው

በኤንቢኤ ተጫዋች ወክሎ ለመደራደር ከተጫዋቾች ማኅበሩ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ፈተናም አለው። ማኅበሩ የኮሚሽኑን ጣሪያ ወስኖታል። ከውሉ እስከ 4 በመቶ፣ ተጫዋቹ በሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከፈረመ ደግሞ 2 በመቶ ነው። በ2024–25 የውድድር ዘመን (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጀማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ 1,157,153 ዶላር ነበር፤ ወኪሉ ከዚህ ላይ የሚደርሰው ቢበዛ 23,143 ዶላር ነው። በ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ላይ ግን 400,000 ዶላር ይደርሳል። የሚከፈለውም ተጫዋቹ ገንዘቡ እጁ ሲገባ ነው፤ ፊርማው እንዳረፈ አስቀድሞ የሚከፈል ነገር የለም።

4 በመቶ ጣሪያ እንጂ የተቆረጠ ዋጋ አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሳያውቁ 4 ብለው ይፈርማሉ፤ 3 ወይም 2 ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የጫማና የማስታወቂያ ውል ደግሞ ከዚህ ጣሪያ ውጭ ስለሆነ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠየቅ የተለመደ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት መፈረም ስህተት ነው። የሜዳውን ውል የሚደራደርና የማስታወቂያውን ሥራ የሚያመጣ አንድ ሰው መሆን የለበትም፤ በተለይ ጫማ አምራቹን ራሱ ተጫዋቹ ያመጣው ከሆነ ኮሚሽን የማይከፈልበት መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። በቃል ያለ ይረሳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። የኮሌጅ ተጫዋቾች ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ስለተፈቀደላቸው በዚያ ገበያም ወኪል ፈልቷል፤ የተጫዋቾች ማኅበሩ ጣሪያ ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የኮሌጅ ተጫዋች በመቶኛውን ራሱ ተደራድሮ መወሰን አለበት።

ከኤንቢኤ ውጭ ፈቃድ የሚሰጠው ፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ነው። በተለምዶ ኮሚሽኑ 10 በመቶ ሲሆን የሚከፍለውም ክለቡ ነው። ነፃ አገልግሎት ይመስላል፤ አይደለም። ክለቡ ለአንድ ቦታ የመደበው ገንዘብ አንድ ነው፤ የወኪሉም ድርሻ ከዚያው ይወጣል። ከዚህ የከፋ ችግርም አለ፦ ወኪሉ ገንዘቡን የሚቀበለው ከሚደራደረው ወገን ነው። በአንድ ክለብ ውስጥ አራት ተጫዋቾች ያሉት ወኪል፣ የአንዱ ደመወዝ ሁለት ወር ሲዘገይ ክለቡን ለመክሰስ እጁ አይፈጥንም። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ መድኃኒቱም ከወኪሉ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ «ደመወዝ ከተባለው ቀን ካለፈ በ10 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለክለቡ ይልካል» የሚል ግዴታ ማስገባት ነው።

ድራፍት፦ ስልኩ የሚሠራበት ምሽት

የኤንቢኤ ድራፍት ሁለት ዙር አለው፤ ምርጫ የተነጠቀ ክለብ ከሌለ 60 ተጫዋቾች ይመረጣሉ። በመጀመሪያው ዙር ወኪል የሚደራደረው ብዙ ነገር የለም። ደመወዙ በሠንጠረዥ ያለቀ ነው፤ ክለቡ ከሠንጠረዡ ከ80 እስከ 120 በመቶ መክፈል ይችላል፣ አብዛኛው ተጫዋችም 120ውን ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ዋስትና አላቸው፤ 3ኛውና 4ኛው በክለቡ ፈቃድ ነው። የወኪሉ ሥራ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ያለቀ ነው፦ የልምምዱን ወጪ መሸፈን፣ ተጫዋቹ የትኛው ክለብ ዘንድ ቀርቦ እንዲታይና የትኛውን እንዲዘል መወሰን፣ ከእያንዳንዱ ክለብ ወሬ መልቀም። ለዚህ ደረጃ ከ5 ኮከብ 3 ይበቃዋል።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ዓለም ነው። የደመወዝ ሠንጠረዥ የለም። ክለቡ የተጫዋቹን መብት ለመያዝ የሚጠበቅበት የአንድ ዓመት ዝቅተኛ ደመወዝ ማቅረብ ብቻ ነው፤ ዋስትና ሊኖረው ግድ አይደለም። 55ኛ የተመረጠ ተጫዋች ከአንድ ክለብ ጋር ታስሯል፤ ያ ክለብ በሱ ቦታ ሦስት ተጫዋቾች ካሉት መውጫ የለውም። ያልተመረጠው ግን 30ዎቹንም ክለቦች አማርጦ ቦታ ወዳለበት መሄድ ይችላል። ስለዚህ ከ45ኛ ምርጫ በኋላ ጎበዝ ወኪል ስልኩን ይዞ «እኛን አትምረጡ» ሲል ይሰማል። ለማያውቀው ዕብደት ይመስላል።

ፍሬድ ቫንቭሊት በ2016 ያደረገው ይህንኑ ነው። በሁለተኛው ዙር ሊመርጡት የፈለጉ ክለቦች ያቀረቡትን ዝቅተኛ ክፍያ ሳይቀበል ሳይመረጥ ቀረ፤ ወደ ቶሮንቶ ሄዶ በበጋ ሊግ ታየና ቡድኑ ውስጥ ገባ። በ2019 የኤንቢኤ ዋንጫ አነሳ፤ በ2020 የ4 ዓመት 85 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ያን ምሽት አንድ ክለብ ዝቅተኛ ክፍያ ይዞ መርጦት ቢሆን ኖሮ የሚሄድበትን የመምረጥ ዕድል አይኖረውም ነበር። ለዚህ ደረጃ፣ ወኪሉ የክለቦቹን የተጫዋች ዝርዝር በቃሉ የሚያውቅ ከሆነ፣ 5 ከ5።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ብዙ ጀማሪዎችን ያደናግራል። እያንዳንዱ የኤንቢኤ ክለብ 15 መደበኛ ቦታዎችና ከ2023 ጀምሮ 3 የ«ቱ ዌይ» (በኤንቢኤና በታዳጊ ሊጉ በጂ ሊግ መካከል የሚመላለስ ተጫዋች) ቦታዎች አሉት። ቱ ዌይ የፈረመ ተጫዋች የጀማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ ግማሹን ያገኛል፤ በ2024–25 ይህ 578,577 ዶላር ነበር። በመደበኛው የውድድር ዘመን ከ50 ጨዋታ በላይ በኤንቢኤ ቡድኑ ዝርዝር ውስጥ መግባት አይችልም፤ ውሉ ወደ መደበኛ ካልተለወጠለት በጥሎ ማለፉም አይሰለፍም። ሌላው አማራጭ በተለምዶ «ኤግዚቢት 10» የሚባለው የልምምድ ካምፕ ውል ነው። ተጫዋቹ ከካምፑ ተሰናብቶ በዚያው ክለብ የጂ ሊግ ቡድን 60 ቀን ከቆየ ጉርሻ ይከፈለዋል፤ በ2023–24 ጣሪያው 75,000 ዶላር ነበር። በ50ኛው ቀን ከሌላ አገር ጥሪ መጥቶለት የሄደ ጉርሻውን ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ይህን ሳይነግር አውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ወኪል አለ።

ከክፍያው ልዩነት ይልቅ የሚታለፈው ነጥብ ሌላ ነው። ቱ ዌይ ተጫዋቹን ከአንድ ክለብ ጋር ያስረዋል። መደበኛ የጂ ሊግ ውል ግን ክፍያው ትንሽ ቢሆንም (በ2022–23 ለአንድ የውድድር ዘመን 40,500 ዶላር ነበር) ከ30ዎቹ ክለቦች ማንኛቸውም ሊጠሩት ይችላሉ። ከጃንዋሪ 5 ጀምሮ የ10 ቀን ውል ይፈቀዳል፤ አንድ ክለብ ለአንድ ተጫዋች በአንድ ዘመን ከሁለት ጊዜ በላይ ሊሰጠው አይችልም፣ ከዚያ በኋላ ወይ ለቀሪው ዘመን ያስፈርመዋል ወይ ያሰናብተዋል። ለ19 ዓመት ልጅ ቱ ዌይ ይሻለዋል፤ ጊዜ አለው፣ ክለቡም ያሳድገዋል። ኡልሪክ ቾምቼ ከኤንቢኤ አካዳሚ አፍሪካ በቀጥታ በ2024 በ57ኛ ምርጫ ወጥቶ ከቶሮንቶ ጋር የፈረመው ቱ ዌይ ነበር፤ ለዕድሜው ተገቢ ውል ነው። 26 ዓመት ሞልቶት ጨዋታው ለበሰለ ግን አንድ ክለብ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከመጠበቅ በር ክፍት መተው ሊሻለው ይችላል። ይህን በዕድሜና በክለብ ለይቶ የሚያስረዳ ወኪል ኮሚሽኑ ይገባዋል።

ከኤንቢኤ ውጭ፦ አገልግሎቱ እውነተኛ ዋጋውን የሚያሳይበት

አብዛኛው ፕሮፌሽናል የሚኖረው እዚህ ነው። ፒ. ጄ. ታከር በ2006 በ35ኛ ምርጫ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ከኤንቢኤ ወጣ፤ እስራኤልን፣ ዩክሬንን፣ ግሪክን፣ ጣሊያንንና ጀርመንን ዞሮ በ2012 ተመለሰ፣ በ2021ም ከሚልዋኪ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ መንገድ በየዓመቱ አዲስ ውል፣ አዲስ ሕግ፣ አዲስ ክለብ ማለት ነው፤ ያለ ወኪል አይሞከርም።

ጥሩ ውል ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። ደመወዙ ለ10 ወር 150,000 ዶላር ይሁን። ወኪሉ መጀመሪያ የሚጽፈው ቃል «የተጣራ» የሚለውን ነው፦ ግብሩን ክለቡ ይከፍላል፣ በዘመኑ መጨረሻም የከፈለበትን የግብር ማስረጃ ለተጫዋቹ ይሰጣል። ይህ ማስረጃ ከሌለ የተጫዋቹ አገር ግብር ሰብሳቢ ገንዘቡን እንዳልተከፈለበት ቆጥሮ ሊጠይቀው ይችላል፤ ስንቱ ተጫዋች በዚህ ተይዟል። ቀጥሎ 15,000 ዶላሩ በየወሩ ስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ገንዘብ፣ ወደ የትኛው ሒሳብ እንደሚገባ ይጻፋል። «በየወሩ መጨረሻ» የሚል ሐረግ ለክለብ ሰበብ ይከፍታል፤ ቀኑ በቁጥር ይቀመጥ።

የሕክምና ምርመራው ላይ የሚጠፋ ውል ብዙ ነው። ክለቡ ተጫዋቹ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፤ በዚያ ጊዜ ካልመረመረ ወይም ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ልምምድ ከሠራ እንዳለፈ ይቆጠራል የሚል ዐረፍተ ነገር ይገባል። ይህ ካልሰፈረ ክለቡ ሦስት ሳምንት አጫውቶ፣ የተሻለ ሰው ሲያገኝ «ጉልበቱ አላለፈም» ብሎ መላክ ይችላል። «የሙከራ ጊዜ» የሚል ቃል በየትኛውም ገጽ ከታየ ዋስትናው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሌላው አንቀጽ የፈለገውን ቢልም።

ከዚያ «ያለ መሰናበት» የሚባለው አንቀጽ አለ፦ ተጫዋቹ ቢጎዳ ወይም ነጥብ ማስቆጠር ቢያቅተው ደመወዙ አይቀነስም፣ ውሉም አይፈርስም። የዲሲፕሊን ቅጣትም ጣሪያ ይደረግለት፤ ጣሪያ ካልተደረገ በተከታታይ የተሸነፈ ክለብ ቅጣትን የደመወዝ መቀነሻ ያደርገዋል። ደመወዝ 30 ቀን ከዘገየ ተጫዋቹ ልምምድ ማቆም፣ ከዚያም ውሉን አፍርሶ ቀሪውን ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ እንደሚችል ይጻፋል። የአፓርታማውና የመኪናው ዝርዝር፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ ብዛት፣ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ቤቱን ለስንት ቀን መያዝ እንደሚችል በአንድ አባሪ ገጽ ይበቃል።

ወደ ኤንቢኤ የመውጫ አንቀጹ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክለቡ ተጫዋቹን የሚለቅበት ዋጋና ቀነ ገደብ በቁጥር ይሰፍራል። የኤንቢኤ ክለብ ለዚህ የማስለቀቂያ ክፍያ ከደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ ለአንድ ክለብ አጠቃላይ ደመወዝ ካስቀመጠው ወሰን) ሳይቆጠርበት ማዋጣት የሚችለው የተወሰነ መጠን ነው፤ በ2024–25 850,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ተጫዋቹ ከራሱ ኪስ ይሞላል። የማስለቀቂያውን ዋጋ 2 ሚሊዮን ብሎ የፈረመ ወኪል 1.15 ሚሊዮኑን ደንበኛው ላይ ጭኖታል ማለት ነው፤ ያም የሚታወቀው ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የመጨረሻው አንቀጽ ከሁሉም ይበልጣል፦ ክርክር ቢነሳ ጉዳዩ ጄኔቫ ላይ መቀመጫው ላለው የቅርጫት ኳስ የግልግል ችሎት እንደሚቀርብ የሚገልጸው። ይህን ችሎት ፊባ በ2000ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ያቋቋመው ሲሆን አንድ ዳኛ ብቻ ይሰየምበታል፣ በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጉዳይም በጽሑፍ ብቻ አይቶ ይወስናል። ውሳኔውን ያልፈጸመ ክለብ ላይ ፊባ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ እገዳ ይጥልበታል፤ ክለብን የሚያስከፍለውም ይህ እገዳ ነው። ነገር ግን ችሎቱ ጉዳዩን የሚያየው አንቀጹ በውሉ ውስጥ ካለ ነው። ከሌለ ተጫዋቹ በክለቡ ከተማ ፍርድ ቤት፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ዓመታት ይመላለሳል። ለችሎቱ የሚከፈለው ማስመዝገቢያ አይመለስም፤ የኪሳራ አዋጅ ካስነገረ ክለብ ላይም የተፈረደ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የባንክ ደረሰኝ፣ የኢሜይልና የስልክ መልእክት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀመጥ።

እዚህ ገበያ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁሉ ከክለብ አይመጣም። ፈቃድ ያለው ወኪል ብዙ ጊዜ በየአገሩ ካለ ሌላ ወኪል ጋር ኮሚሽኑን ተካፍሎ ይሠራል፤ ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ተጫዋቹ ለሁለት ሰዎች የውክልና ወረቀት ሲሰጥ ነው። ሁለቱም ያንኑ ክለብ ያነጋግራሉ፣ ሁለቱም 10 በመቶ ይጠይቃሉ፣ ክለቡም ጣጣውን ሸሽቶ ወደ ሌላ ተጫዋች ይዞራል። የመልቀቂያ ደብዳቤውም አንዱ የመዘግያ ምክንያት ነው። አገር ለውጦ ለመጫወት የቀድሞው ብሔራዊ ፌዴሬሽን መልቀቂያ መስጠት አለበት፤ የቀድሞ ክለቡ ውሉ አላለቀም ካለ ሳምንታት ይፈጃል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ዓለም አቀፍ ዝውውር ደግሞ በፊባ ደንብ ከልዩ ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ውጭ አገር ክለብ አስገባለሁ የሚል ሰው ይህን ደንብ አለማወቁ ነው፣ ወይም እያወቀ ነው፤ ሁለቱም ያው ነው።

ለዚህ ደረጃ ጥሩ ወኪል 5፣ መካከለኛው 2። መሃል የለውም።

ገንዘቡ የማያዋጣበት

ከፍተኛው ውል ላይ። በኤንቢኤ የአንድ ተጫዋች ጣሪያ ደመወዝ እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከክለቡ የደመወዝ ጣሪያ 25፣ 30 ወይም 35 በመቶ ተብሎ ተወስኗል። ክለቡ ጣሪያውን እከፍላለሁ ካለ ቁጥሩን ወኪል አይጨምረውም። የሚቀረው በመጨረሻው ዓመት የመቀጠል ወይም የመውጣት ምርጫ የማን ይሁን የሚለውና ተጫዋቹ ቢሸጥ የሚከፈለው እስከ 15 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ይህን በሰዓት የሚከፈል ጠበቃ ሊሠራው ይችላል። ሬይ አለን በ1999 ከሚልዋኪ ጋር ሲፈርም መንገዱ ይህ ነበር፤ በመቶኛ ሳይሆን በሰዓት ከፍሏል። ለጣሪያ ደመወዝ ተጫዋች ወኪሉ ከ5 2 ቢያገኝ አይበዛበትም።

ሌላው ደካማ ጎን ውርርድ ነው። ኔርሌንስ ኖኤል በ2017 ከዳላስ እንደቀረበለት የተዘገበውን የ4 ዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር ትቶ የአንድ ዓመት 4.1 ሚሊዮን ፈረመ፤ በዚያው ዘመን አውራ ጣቱን ተጎድቶ 30 ጨዋታ ብቻ አደረገ፣ ቀጣዩ ውሉም ዝቅተኛው ደመወዝ ሆነ። ውሳኔው የማንም ይሁን፣ ሒሳቡ ያስተምራል፦ በ70 ሚሊዮን ላይ የወኪል ድርሻ ቢበዛ 2.8 ሚሊዮን ነው። «በራስህ ተወራረድ» የሚለው ምክር ሲሳካ ሁለቱም ያተርፋሉ፤ ሲከሽፍ ግን ወኪሉ ሌሎች ደንበኞች አሉት፣ ተጫዋቹ ያለው አንድ ጉልበት ነው። ጥሩ ወኪል ውድቅ እንዲደረግ ከመምከሩ በፊት ሌላ ክለብ ምን ያህል እንደሚከፍል በስም ይናገራል። «ገበያው ይመጣል» ካለ መፈረም ይሻላል።

አመራረጥና አለቃቀቅ

ፊባም የኤንቢኤ ተጫዋቾች ማኅበርም ፈቃድ ያላቸውን ወኪሎች ስም ዝርዝር በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፤ ስሙ ከሌለ ንግግሩ እዚያ ያበቃል። ፊባ ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ እንጂ ለድርጅት ስላልሆነ የሚታየው የድርጅቱ አርማ ሳይሆን የሰውየው ስም ነው። «ለማስመዝገቢያ» ወይም «ለሙከራ ካምፕ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ወኪል አይደለም፤ ሌላ ንግድ ላይ ነው።

ደህና ወኪል የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚሆን የተመረጡ ቅጽበቶች፣ ከሱም ጋር ሳይቆረጡ 2 ወይም 3 ሙሉ ጨዋታዎች፤ ክለቦች የሚያዩት ተጫዋቹ ኳስ ሳይዝ፣ ተከላክሎ ሲመለስ፣ ሲሳሳትም ምን እንደሚያደርግ ነው። ቁመት ያለ ጫማ ይለካ፤ ኤንቢኤ ራሱ ከ2019–20 ጀምሮ ያለ ጫማ ነው የሚያስመዘግበው፣ 4 ሴንቲ ሜትር የዋሸ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ይታወቃል። ያለፉ ጉዳቶች የሕክምና ማስረጃና የፓስፖርት ቅጂም ይጠየቃል። ፓስፖርቱ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ ሊጎች የውጭ ተጫዋች ቦታ ውስን ስለሆነ ሁለተኛ ዜግነት ያለው ተጫዋች ገበያው በእጥፍ ይሰፋለታል። በብሔራዊ ቡድን በኩል ግን ፊባ ያንን ዜግነት 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ያገኘውን ዜግነት እንደለወጠ ተጫዋች ይቆጥረዋል፤ አንድ ቡድን ደግሞ እንዲህ ያለ አንድ ተጫዋች ብቻ ነው የሚይዘው።

ከመፈረም በፊት ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፦ በኔ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ደንበኞች አሉህ? በዚህ ዓመት ደመወዝ የዘገየበት ደንበኛህ ማነው፣ ምን አደረግህለት? ስልክ የሚያነሳው አንተ ነህ ወይስ ረዳትህ? ሁለተኛው ላይ «የለም» ያለ ወይ አዲስ ነው ወይ ይዋሻል።

የመለያየቱ ሥርዓት በኤንቢኤ ቀላል ነው። ከየትኛውም ወገን የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ውክልናውን ያፈርሰዋል፤ ተጫዋቹ ከሌላ ወኪል ጋር የሚፈርመውም ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በፊባ በኩል ከ2 ዓመት በላይ አለመፈረምና «በራሱ ይታደሳል» የሚለውን ሐረግ ማሰረዝ ይገባል። በሁለቱም በኩል አንድ ነገር አይለወጥም፦ የተሰናበተው ወኪል የተደራደረው ውል እስኪያልቅ ድረስ የዚያ ውል ኮሚሽን የሱ ነው። የ4 ዓመት ውል አስፈርሞ በሁለተኛው ዓመት የተባረረ ወኪል ቀሪውን 2 ዓመት ይከፈለዋል፤ አዲሱ ወኪል የሚጀምረው ከሚቀጥለው ውል ነው።